ከሣጥኑ ወደ ላይ

ሙሉወርቅ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር ባለው ኪራይ ቤቷ የቴሌኮም መስመር ያስገባችው ለራሷ ብላ አይደለም። ለእሷ የእጅ ስልኳ ይበቃታል። ሰበቡ ታላቅ ወንድሟ ኅሩይ ነው። ኅሩይ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር ባለው ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። ከእንግዲህ እሷ ዘንድ ዙሪክ ሊኖር ተስማምተዋል። ሆስፒታሉ ግን አርብ የሚለቀው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት፣ ሲጫናት እርዳታ የምትጠራለት የአደጋ ቁልፍ እሷ ቤት ከሠራች ብቻ ነው፤ ቁልፏ ደግሞ ያለ መስመሩ አትሠራም። ካልሆነ ቀጥታ ወደ አረጋውያን ማቆያ ነው የሚወስዱት።

መስመሩ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ የቁልፏ መሣሪያ መብራት ግን አንድም ቀን አረንጓዴ አልሆነም። ቴሌኮሙ ዘንድ ሰባት ጊዜ ደውላ ሰባት ጊዜ ተቆጣች። ማክሰኞ ሠራተኛ ላኩላት፤ አብዱልአዚዝ የሚባል፣ ሽበት የጀማመረው የድሬዳዋ ሰው ሆኖ ተገኘ። ምድር ቤት ወርዶ ግድግዳው ላይ ካለው ግራጫ ሣጥን ጋር መለኪያውን አገናኘ።

«እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነው። የኛ ሥራ እዚህ ሣጥን ላይ ያልቃል፣ እትዬ። ከዚህ ወደ ላይ ያለው ሽቦ የባለንብረቱ ነው።»

«ወንድሜ ምድር ቤት ነው እንዴ የሚተኛው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ሦስተኛ ፎቅ አድርሱታ! ዳቦ ያዘዘ ሰው መንገድ ዳር ነው የሚሰጡት?»

«ዳቦ ቢሆን እኔው ተሸክሜ አወጣልዎት ነበር።»

«የሀገሬ ሰው ላኩልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ አንተም ያው ነህ።»

አብዱልአዚዝ ሳቀ። መለኪያውን እንደገና ነካክቶ ቁጥር አነበበ። «የተበጠሰው ከዚህ አሥራ አራት ሜትር ላይ ነው፤ እርስዎ ቤት ውስጥ ማለት ነው። በሉ፣ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ ልይልዎት።»

ክፍሉ ለኅሩይ ተሰናድቷል። አልጋው ተነጥፏል፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ግርጌ ነው፤ ከሶኬቱ በላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ቀይ መጋረጃውን ለብሶ ተሰቅሏል። ኅሩይ መቆም ስለማይችል ተኝቶም ወደ ምሥራቅ እንዲጸልይ፣ ምሥራቁን በስልኳ ፈልጋ የሰቀለችው እሷ ናት። ያኔ ኅሩይ በስልክ «የሚለጠፍ መስቀያ ግዢ» ቢላት፣ «መልአክ በሙጫ አይሰቀልም» ብላ ጣት የሚያህል ሚስማር መታች።

አብዱልአዚዝ ሶኬቱን ፈታና ሽቦው የሚሄድበትን በጣቱ ተከተለ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ጣቱ ከሥዕሉ በታች ቆመ።

«ከጀርባው ምን አለ?»

«ግድግዳ።»

«ግድግዳው ላይስ?»

«ሚስማር ነዋ! በአየር ይቆማል?»

«ረጅም ነው?»

ሙሉወርቅ ጣቷን ዘርግታ አሳየችው።

«እርስዎ ያውርዱት» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ አልነካውም።»

ነጠላዋን ተከናንባ ሥዕሉን አወረደችና ትራሱ ላይ አስቀመጠችው። ሚስማሩን በፒንሳ ስትነቅለው የመዳብ ክር ተከትሎት ወጣ። ሁለቱም አዩት።

«ምን ይሻላል?» አለች።

«ሽቦው በራሱ ተበላሸ ካሉ ባለንብረቱ ሰው ይልካል፤ ግን እስኪያጣሩ ሁለት ሳምንት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ ካሉ ባለንብረቱን አስፈቅደው ነገውኑ የራስዎን ኤሌክትሪሺያን ያስገባሉ።»

ሙሉወርቅ ተከራዮች በጋራ በሚጠቀሙበት ልብስ ማጠቢያ ተራ ብቻ ከባለንብረቱ ጽሕፈት ቤት ጋር አምስት ዓመት ተከራክራ ያሸነፈች ሴት ናት። ለእነዚያ ሰዎች አንድም ቀን አጠፋሁ ብላ አታውቅም። ሚስማሩን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ሙሉወርቅ ነኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ። የስልኩን ሽቦ የበጠስኩት እኔ ነኝ። ሚስማር መትቼበት።»

የጽሕፈት ቤቱ ሴት ስሟን ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ሌላ ሰው የደወለ መስሏት መሆን አለበት።

ረቡዕ ሽቦው ተቀጠለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

አርብ ኅሩይ መጥቶ አልጋው ላይ ተጋደመ። ግድግዳው ላይ በኖራ የተደፈነ ነጭ ነጥብ አለ፤ ሥዕሉ ከሥሩ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል።

«ምነው ወረደ?»

«እዚያ ይሻለዋል።»

«የሚለጠፍ ግዢ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ይልቅ ቁልፍህን ተጫን ጋሼ፣ ይሞከር።»

ተጫነ። ከመሣሪያው የእርዳታ ሰጪዋ ድምፅ ወጣና ምን እንደደረሰበት በጀርመንኛ ጠየቀችው። ኅሩይ ከአማርኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ አያውቅም፤ ወደ እህቱ ዞረ።

«ምንም አልሆነም» ብላ መለሰችላት ሙሉወርቅ። «ቤቱ ገብቷል።»