ስም ያልተጻፈባቸው ወረቀቶች

በ1977 ዓ.ም. ክረምት ነባር የእንግሊዝኛ መምህራንን እንዳሠለጥን ወደ መንዝ፣ ሞላሌ ስላክ፣ ከእንግሊዝ አገር ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሠልጣኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ከእነሱ ትንሹ አሥር ዓመት አስተምሯል፤ እኔ ሁለት ዓመት። በመጀመሪያው ቀን ደጃፉ ላይ አዳልጦኝ ስወድቅ፣ ጫኔ የሚባለው መምህር ክንዴን ይዞ አነሣኝና፣ "ቀስ ይበሉ አሠልጣኝ፤ የመንዝ ጭቃ እንግሊዝኛ አይሰማም" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁብኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ልጁ በጥር ለውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልደረሰውም።

በሦስተኛው ቀን እንግሊዝ አገር የተማርኩትን ዘዴ አመጣሁ። እያንዳንዱ መምህር በሥራው የፈጸመውን ጥፋት በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ስም የለበትም፤ ከእኔ ሌላ ማንም አያየውም።

ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማሩት፣ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉት መምህር ወልደ ጻድቅ፣ "ይህ ንስሐ ነው ወይስ ግለ ሂስ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ሥልጠና ነው።"

"እንግዲያው እጽፋለሁ።"

ማታ ወረቀቶቹን አነበብኩ። አብዛኛው ደብተር አላርምም፣ አማርኛ አበዛለሁ የሚል ነው። አንዱ ግን ገጹን ሞልቶታል፤ ፊደሉም እንደ ብራና ጽሕፈት ለየብቻ የቆመ ነበር። ጸሐፊው ትምህርት ያቋረጡ ሁለት ልጆችን ዓመቱን ሙሉ በስም መጥሪያው ላይ "አለ" እያሉ ሲሞሉ ኖረዋል። የገበሬ ማኅበሩ ትምህርት ላይ ያለ ልጅ ለውትድርና አይመለምልም ነበርና።

ያኔውኑ መቅደድ ነበረብኝ። እኔ ግን ዘዴው መሥራቱን ለአዲስ አበባ አለቆቼ የማሳይበት ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ የፓርቲው ካድሬ ጓድ መኳንንት ክፍል ገባ።

"ግለ ሂስ ተጽፏል አሉ። በጋራ ይሰማ" አለና ወረቀቶቹን ከጠረጴዛዬ ላይ አነሣ። እንግሊዝኛ አያነብም። አገላብጦ ቀይ ያለባትን መዘዘ። "ይቺ ምን ትላለች?"

"ክፍል ውስጥ አማርኛ አበዛለሁ ትላለች።"

"ይህ ሁሉ ገጽ?" ፈገግ አለና ወረቀቱን ከፊት ለተቀመጠው ለጫኔ ዘረጋለት። "አንተ ተርጉመው።"

ጫኔ እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው" አለ።

"የኔ ነው።"

"የኔም ልጅ ያን ጊዜ ትምህርት አቋርጦ ነበር። ከእነዚህ ሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል፤ የእርስዎ ክፍል።"

"አባቱ መምህር ነው፣ አይነኩትም ብዬ ነው የእሱን የተውኩት፣ ጫኔ።"

ጫኔ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ ተረጎመ። ቀስ ብሎ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር። አንዲት ቃል አልሳተም። ከሠልጣኞቼ ሁሉ አብልጦ እንግሊዝኛ የሚችለው እሱ እንደ ነበር ያን ቀን አወቅሁ።

መምህር ወልደ ጻድቅን ከምሳ በፊት ወሰዷቸው። ካፖርታቸውን ለመልበስ ጊዜ ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። በወረቀቱ ላይ የልጆቹ ስም አልነበረም፤ ስም መጥሪያው ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። ሁለቱንም በሳምንቱ ገብስ ሲያርሙ ከማሳ አነሷቸው።

ሥልጠናው ቀጠለ። በመጨረሻው ቀን እንደ ደንቡ ስለ ሥልጠናው አስተያየት እንዲጽፉልኝ ወረቀት አደልኩ። አሥራ አንዱም ባዶ ሆኖ ተመለሰልኝ። የመጨረሻውን የሰጠኝ ጫኔ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተውኩትን ቀይ እስክሪብቶም አንሥቶ በላዩ አኖረልኝ።

"ይቺን እንዳይረሷት" አለኝ።