ሠራተኛ አይጨፍርም

የልጅቷ እናት የሠርግ አዳራሽ እያስጌጠች የምትተዳደር ሴት ነበረች። በሥራዋም የማይጣስ ሕግ ነበራት፤ ሠራተኛ አይጨፍርም። አብራት የምትሠራው ልጅቷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እስኪሞላት ሕጉን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃ ኖረች። መጋረጃ ትንሽ ከተዛባ መሰላል ላይ ወጥታ ካላቃናችው ምግብ አይበላላትም።

በዚያ በጋ እናቷ አዲስ ሙዚቃ አጫዋች ቀጠረች። ልጁ አርፍዶ ይመጣል፤ ገመዱን እንደ አንጀት ዘርግፎ ያፏጫል። ልጅቷን ባያት ቀን «ማስመሪያ» ብሎ ስም አወጣላት። እሷም ድምፅ ማጉያው መጋረጃዋን ስለጨፈለቀባት ልክ ልኩን ነገረችው። ሲጣሉ ሰነበቱ፤ ሲጣሉም ተላመዱ። አንድ ከሰዓት ጽጌረዳ ስታስር እሾህ ወጋትና ልጁ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ነቀለላት። እሾሁ ከወጣ በኋላም እጇን አልለቀቀም፤ እሷም አልነጠቀችውም።

ወሬ እግር አለውና ከእናቷ ጆሮ ደረሰ። እናትየው ልጁን «ያ ጩኸት» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ቤት የሚያቆም ሰው እንዳልሆነ፣ በጋው ሲያልቅ አብሮ እንደሚጠፋ ለልጇ ነገረቻት። ልጅቷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

አንድ ትልቅ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ራሷ አዳራሹን ያሳመረችላትን ልጅ እጇን ይዛ ወደ መሃል ጎተተቻት። ልጁም ዘፈን ከፍቶ ከጠረጴዛው ኋላ ወጣና ተቀላቀላት። እሷ እግሯ እየተሳሰረ፣ እሱ እየሳቀ፣ በእንግዳው ሁሉ ፊት ጨፈሩ። እናቷ ሰው እየገፋች መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ በሰው ሠርግ ላይ? ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል፣ እማዬ። ስንቷ ሙሽራ እንድትደሰት ስለፋ ኖሬ፣ እኔ ስደሰት ነው ነውር የሚሆነው?»

«እንግዲያው ወይ እሱን ወይ እኔን።»

«አልመርጥም። ያንቺም ልጅ ነኝ፣ እሱንም እወደዋለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ መጥቼ ወንበር እሰበስባለሁ።»

እናትየው ክንዷን ለቀቀች። ልጅቷም ጨፍራ ስታበቃ፣ እንዳለችው ወንበር ሰበሰበች።

በማግሥቱ እናትየው ልጁን ከሥራ አሰናበተችው። ልጅቷም ከቤት ሳትወጣ ከእናቷ ሥራ ወጣችና ከእሱ ጋር ትንንሽ ሠርጎችን መያዝ ጀመረች። በጋው አለቀ፤ ልጁ ግን የትም አልሄደም። የእናቷ ደንበኞች መንገድ ላይ ሲያገኟት ታረቂ ይሏታል። እሷም «አልተጣላሁም፣ ያኮረፈችው እናቴ ናት» ትላቸዋለች። በየጠዋቱም መልስ ባይኖርም «እንደምን አደርሽ፣ እማዬ» ትላለች።

አንድ ጠዋት እናትየው ቀና ሳትል ሻይ ቀዳችላት። ልጅቷ አመስግና ጠጣችና መሰላሏን ተሸክማ ልጁ ወደሚጠብቃት አዳራሽ ሄደች።