የጣቢያው ከፍታ

አባቴ ወሬኛ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሰው ወደ ሱቁ የሚመጣው ፀጉሩ ሲያድግ ብቻ አልነበረም፤ ራሰ በራ ደንበኞችም ነበሩት። መቀሱን እያንቀጫቀጨ አንዱን ወሬ በሌላው ላይ ሲቀጥል፣ ተስተካክሎ የጨረሰው ሰውዬ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ቁጭ ብሎ ይሰማው ነበር። ሱቁን ዘግቶ ቤት ከዋለ ወዲህ ግን ከአፉ የሚወጣው «እሺ»፣ «አይ» እና «ተይው» ብቻ ሆኗል።

አፉን የለጎመው እኔ ትዳሬን ጥዬ ወደ ቤቱ በተመለስኩ ሰሞን ስለሆነ፣ ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። ቤታችን ከመንገዱ በታች ነው፤ ከሳሎን ተነስቶ የግቢው በር ጋ ለመድረስ ረጅም የድንጋይ ደረጃ መውጣት ግድ ነው። ያን ቀን ሻንጣዬን እየጎተትኩ መጥቼ አንኳኳሁ። ወጥቶ ከፈተልኝ። የበሩን መቃን ይዞ እኔን አየኝ፣ ሻንጣዬን አየ፣ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋውና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልቁል ወረደ። «እንኳን ደህና መጣሽ» የለ፣ «ምን ሆንሽ» የለ። ያ ጀርባ ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ባለበት ክፍል አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበ ብርጭቆ መልሼ አጥባለሁ፣ ምንም ያልሆነ መጋረጃ አውርጄ እንደገና እሰቅላለሁ። ድሮ «እንዝርት» ነበር የሚለኝ፣ አንድ ቦታ አትረጋም፣ ትሾራለች ለማለት። አሁን ቅጽል ስሜን መጥራት እንኳ ትቷል።

ክብደቱ ሲቀንስና ከንፈሩ ሲጠቁር ግን ዝም ብዬ ማየት አልሆነልኝም፤ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ የሳንባውን ፎቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችና ወደ እሱ ዞረች።

«አባት፣ ሳንባዎ ደክሟል። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ደግሞ ስስ ነው፣ አይበቃዎትም። መውረድ አለብዎት። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በታች፣ ክረምቱ ሳይገባ።»

«ካልወረድኩስ?»

ሐኪሟ ነገር አትሸፋፍንም። «ካልወረዱማ ክረምቱን መውጣትዎን እንጃ።»

«እሺ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አይ» አለኝ።

እኔ እንግዲህ የምሠራው ካርታ መሥሪያ ቤት ነው። አሁን የያዝነው ሥራ መግቢያው አዳራሽ ላይ የሚቀመጥ የአገሩን የመሬት አቀማመጥ የሚያሳይ ሞዴል ነው። ካርቶን በከፍታ መስመሩ ልክ እንቆርጣለን፣ አንዱን በአንዱ ላይ እንለጥፋለን፣ ተራራው በካርቶን ላይ ካርቶን እየተነባበረ ይወጣል። ዝቅተኛውን አረንጓዴ፣ መካከለኛውን ቢጫ፣ ከፍተኛውን ቡናማ እንቀባለን። ተራሮቹን ከልካቸው አምስት እጥፍ እናስረዝማቸዋለን፤ አለበለዚያ አገሩ በሙሉ ትሪ ይመስላል። አለቃችን ለጎብኚ ሲያስረዳ «ትንሽ ማጋነን ከሌለ ማንም ምንም አያይም» ይላል። እኔ ለማጋነን ሥልጠና አላስፈለገኝም።

ከሐኪም ቤት በተመለስን ማግስት ከሞዴሉ አጠገብ ቆሜ ለአባቴ ከተማ መፈለግ ጀመርኩ። ቁጭ ብድግ፣ ዞር ገባ፣ ሙጫው እጄ ላይ እስኪደርቅ። ሰሜኑ ሁሉ ቡናማ ነው፤ እዚያ ያሉት ከተሞች ከእኛም ይብሳሉ፣ ጤነኛውን ሰው ያስለከልካሉ። በምሥራቅ የጨው ሜዳው አለ፣ ከባሕር ወለልም የወረደ፣ ግን ዛፍ የለውም፣ ሐኪምም የለውም። ምዕራቡ አረንጓዴ ሆኖ ሲያዩት ያማልላል፤ ወንዙ ዳር ያለችው ከተማ ግን ወባዋ አይጣል ነው። የደቡቡ ሐይቅ ዳር እርጥበቱ የአባቴን ደረት ያፍነዋል። ጓደኞቼ «ምነው ልትገዢው ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። ለመሳቅ አልታደልኩም ነበር። አገር ሙሉ ከእግሬ ሥር ተዘርግቶ አንድ ሽማግሌ የሚተነፍስበት ስንዝር ቦታ ማጣቴ ደሜን አፈላው።

በመጨረሻ ቡናማው አልቆ አረንጓዴው በሚጀምርበት ገደል ግርጌ፣ የአባቴ ታናሽ እህት የምትኖርባት ከተማ ላይ ዓይኔ አረፈ። ከጎኗ 1060 ይላል። ቁጥሩን በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። ሐኪም አላት፣ ዛፍ አላት፣ አክስቴ አለች። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት።

«አክስቴ፣ ከተማችሁ ውስጥ ለአባዬ ቤት ፈልጊልኝ።»

«ለጋሼ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ተኝቼ አላድርም፣ አንቺ ብቻ ይዘሽው ነይ።»

የከበደው እሱን ማሳመኑ ነበር። ስለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ስቆጣ ፊቱን ያዞራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ድንገት «አንቺስ?» አለኝ።

«እኔማ ሥራ አለኝ፣ እዚሁ ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ቤቴን ለእሷ ለቅቄ ልሂድ እንዴ ማለቱ መሰለኝ። በማግስቱ «ለማየት» ብሎ ሸሚዝ ሲያጥፍ ሳገኘው እንኳ ቁጣዬ አልበረደም ነበር።

በአውቶቡስ ሄድን፤ ሐሳቤ እሱን አክስቴ ጋ አድርሼ እኔ በዚያው ቀን ልመለስ ነበር። ከመሥሪያ ቤት የኪስ ሰዓት የምታህል ከፍታ መለኪያ ተውሼ ጭኔ ላይ አስቀምጫለሁ፤ መርፌዋ በየጠመዝማዛው ትወርዳለች። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ጆሯችን ይደፈናል፣ ይከፈታል። ሰው ሹራብ ያወልቃል። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። ከሺህ አምስት መቶ ስንወርድ ዓይኑን ገለጠና ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ወጣት ማጅራት አተኩሮ ተመለከተ።

«ስማ ወንድሜ፣ ይሄን ፀጉር ማን ነው የቆረጠህ? በጥርሱ ነው?»

ልጁ ዞሮ ሳቀ። ከዚያ ማን ያቁመው! ስለ መቀስ አሳሳል፣ ስለ ሦስት ዓይነት ማጅራት፣ ሠርጉ ሊደርስ ሲል ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ሐሳቡን ስለቀየረ ሙሽራ። ከኋላ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን አሰግገው ያዳምጣሉ። ድሮ የማውቀው አባቴ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ለመንገደኛ ወሬ አለው ማለት ነው፤ የሌለው ለእኔ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ገደሉን አየሁ። መለኪያዋን ማየት ተውኩ።

አክስቴ መናኸሪያው ላይ አቅፋ ስማ ጨረሰችን፣ ባጃጅ ውስጥም አጨቀችን። ባጃጁ መንገዱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፣ ታጠፈ፣ ደግሞ ወጣ። ሞተሩ እያቃሰተ ነው። እኔ ኩርፊያዬን ታቅፌያለሁ። መንገዱ ሲያልቅ ወርደን ደግሞ ደረጃ ወጣን። ከላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከተማው በሙሉ ከሥር።

«እዩልኝ ነፋሱን!» አለች አክስቴ እጇን ዘርግታ። «ጋሼ የደጋ ሰው ነው፣ ታች ያለው ሙቀት ይገድለዋል ብዬ ከላይ ከላይ ስፈልግ ከረምኩ። ወደድከው፣ ጋሼ?»

አባቴ የበረንዳውን ብረት በሁለት እጁ ይዟል። ትከሻው ይወጣል፣ ይወርዳል። «እሺ» አለ።

ያቺን «እሺ» ስሰማ መለኪያዋን ከቦርሳዬ መዝዤ አወጣሁ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ታሳያለች።

«አክስቴ! አንድ ሺህ ስልሳ ነው እኮ ከተማው!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ከተማው ውስጥ ፈልጊ አልሽኝ። ይሄ ከተማ አይደለም?»

ቁጥሩ የእኔ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ደንብ የአንድ ከተማ ከፍታ የሚባለው ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያለው የከፍታ ምልክት የሚያሳየው ነው፤ ጣቢያ ከሌለ የማዘጋጃ ቤቱ በር። አንድ ነጥብ ነው። ከተማው ቢወጣ፣ ቢወርድ፣ ገደል ላይ ቢንጠለጠል ካርታው አይሰማውም። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነኝ። ለአባቴ ቤት ሳስፈልግ ግን ሰው ቁጥሩ ላይ የሚኖር ይመስል የትኛው ሰፈር ብዬ አልጠየቅሁም።

«ና አባዬ፣ እንወርዳለን።»

«ምሳውስ?» አለች አክስቴ።

«ታች!»

ክንዱን ይዤ ቁልቁል ጀመርን። አክስቴ ቤቱን ልቆልፍ ብላ ኋላ ቀረች። መለኪያዋ በአንድ እጄ ናት፤ ዓይኔ ከእሷ ወደ እሱ ይመላለሳል። መርፌዋ እንደ ሰነፍ አህያ ናት፣ ካልጠበቋት አትንቀሳቀስም። ደረጃው መጨረሻ ላይ «ደህና ነህ?» አልኩት። «እሺ» አለ። ልብስ ሰፊዎቹ ተርታ ስንደርስ ደግሜ ጠየቅኩት። «ደህና ነኝ» አለ። መንገዱ አንድ ጊዜ ዞሮ ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቆም አለና «ዳቦው ጥሩ ሸተተኝ» አለ። የትምህርት ቤቱን አጥር ተጠግተን ስንወርድ፣ በር ላይ የቆመውን ዘበኛ አይቶ «ይሄ ሰውዬ ኮፍያውን የሚያደርገው ወዶ አይደለም፣ የፀጉር አስተካካዩን ጉድ ሊደብቅለት ነው» አለኝ።

ለእኔ ነው ያለው። ሌላ ሰው አጠገባችን አልነበረም።

መለኪያዋን አየሁ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አካባቢ ናት። ዞሬ የመጣንበትን አቀበት አየሁ፣ ዘበኛውን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ልብስ ሰፊዎቹን፣ ከላይ «እሺ» ያለባትን በረንዳ። በወረድን ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ልቤ ግን ከእኔ ቀድሞ ሮጠ፣ ወደ ድንጋዩ ደረጃችን፣ ወደ ግቢያችን በር። የበሩን መቃን ይዞ ነበር። ለምን ነበር መቃኑን የያዘው?

«ምን ሆንሽ? ቆመሽ ቀረሽ እኮ።»

«ምንም። እንሂድ» አልኩት።

ባቡሩ መሄድ ካቆመ ቆይቷል፤ ጣቢያው ግን አለ። ሰዎች ጥላው ሥር ይቀመጣሉ፣ ሐዲዱ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ግድግዳው ላይ ቡጢ የምታህል የናስ ምልክት ተቀብራለች። ስንት ጊዜ ቁጥሯን ጽፌ፣ በዓይኔ አይቻት አላውቅም ነበር። ከምልክቷ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥኩትና እኔ ቆምኩ።

«አባዬ» አልኩት። «ያን ቀን በሩን ስትከፍትልኝ ለምን ዝም አልከኝ?»

መጀመሪያ አየሩን ሳበ፣ በአፍንጫው፣ እስከ ሆዱ። ሲያስወጣው አላሳለውም።

«ልናገር ነበር እኮ» አለ። «ከመስኮት አይቼሽ ነው የወጣሁት። ደረጃውን ስወጣ በልቤ እያዘጋጀሁት ነበር፤ እንኳን ወደ ቤትሽ መጣሽ፣ የማንንም ምክር ሳትሰሚ በመምጣትሽ ደግ አደረግሽ፣ ክፍልሽ እንዳለ ነው ልልሽ። ላይ ስደርስ ደረጃው ትንፋሼን ጨርሶታል። አፌን ብከፍተው ምንም የለም። ፊትሽ ላይ ተዝለፍልፌ እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ወረድኩ። ትንፋሼ ሲመለስ እነግራታለሁ ብዬ ነው። አልተመለሰማ! ደግሞ አንቺ መቼ ቁጭ ትያለሽ? አንድ ቃል እስካወጣ ብርጭቆ ይዘሽ ጓዳ ገብተሻል።»

ስቄ ይሁን አልቅሼ እንጃ፣ ሰዎቹ ዞረው አዩን።

«ታዲያ ጽፈህ አትሰጠኝም ነበር?»

«ፀጉር አስተካካይ ነኝ እንጂ ጸሐፊ ነኝ?» አለና እጁን ዘርግቶ ቀሚሴን ሳብ አደረገው። «አንቺስ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ከላይ ካንቺ ጋር ዝም ብሎ መኖርና እታች ብቻዬን ማውራት፣ የቱ እንደሚሻል ጠፋኝ። አሁን አገኘሁት ስል ደግሞ ትሄጃለሽ። ያ ባልሽ የነበረው ሰውዬ እንኳ፣ ገና ለሽምግልና ሰው የላከ ጊዜ ማጅራቱን አይቼ የምለው ነበረኝ...»

ከመናኸሪያው በኩል የመልሱ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። ወሬውን አቋርጦ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ሂጂ እንግዲህ እንዝርት፣ ያመልጥሻል።»

መለኪያዋን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቀጥል» አልኩት።