መምህሩ «ትክክል» ያለ ዕለት

መምህር ወልደ ገብርኤል «አላውቅም» ሲል የሰማ ሰው በጎንደር ከተማ አልነበረም። የደብተራ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ሁለት ዓመት የመምህርነት ትምህርት ተምሮ፣ ግራጫ የሱፍ ልብስ ገዝቶ፣ የታሪክ አስተማሪ ሆኖ ተመልሷል። ከጠየቁት መልስ አለው። መልስ ከሌለው ደግሞ ረዘም ያለ መልስ አለው። ተማሪዎቹ ይህን ጠባዩን ስለሚያውቁ ደወል ሊደወል ሲል አንድ ክፉ ጥያቄ ያነሱበታል፤ እሱ መልሱን ሲያስረዝም የቤት ሥራ ሳይሰጥ ሰዓቱ ያልቃል።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ ሰባት አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጎንደር ላይ ተስቦ ገባ። የጤና መኮንኖች ትምህርት ቤቱን ዘጉት። የከተማው ልጅ ከቤቱ እንዳይወጣ፣ የገጠሩ ልጅ ወደየአባቱ እንዲመለስ ታዘዘ። ሌሎቹ መምህራን «እግዜር የሰጠን ዕረፍት ነው» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ወልደ ገብርኤል ግን እንቅልፍ አጣ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው፤ ያን ዓመት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አበቡ ነበረች። አበቡ ከወገራ ደጋ፣ ከኮሶ አምባ ማርያም የመጣች፣ ጎንደር አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት። ታሪክ ሲወራ ዓይኗ ከመምህሩ አይነቀልም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ያላወቀችውን ነገር ሲጠይቋት ዓይኗን ሳታሽ «አላውቅም» ትላለች። ወልደ ገብርኤል በዚህ ይቆጣት ነበር። «ተምሮ አዋቂ የሚሆን ሰው እንዲህ አይልም፤ ይሞክራል!» ይላታል።

«እሷ ከወደቀች እኔ ምን አስተማርሁ?» እያለ ሲብሰለሰል ሰንብቶ፣ በስንት ልመና የይለፍ ወረቀት አግኝቶ ማኪና ላይ ወጣ። ከመንገድ ወርዶ ዳገቱን በእግሩ ሲቧጥጥ ውሎ ኮሶ አምባ ገባ። ሊያሳድሩት የተስማሙት የሌላው ተማሪው፣ የነጋ አባት፣ አያ ሐብተ ማርያም ነበሩ። በር ላይ የተቀበሉት ግን ባለቤታቸው እመት ሐረገወይን ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ ከተስቦ አገር መጥተህ እንዲህ ዘው ትላለህ? ቁም እዚያ!»

ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። ከአጥር ጀርባ ልብሱን አስወለቁትና በባላቸው ጋቢ ጠቀለሉት። የአዲስ አበባውን ሱፍ ከነክብሩ ትልቅ ድስት ውስጥ ጨምረው ቀቀሉት። ወልደ ገብርኤል «እመት፣ ሱፍ እኮ አይቀቀልም» ሊል አፉን ከፈተ፤ እሳቸው ግን በማማሰያ ወደ ታች እየደፈቁት ነበር። ልብሱ ሲደርቅ እጅጌው ክርን ላይ፣ ሱሪው ባት ላይ ቀረ። ስለዚህ የታሪክ መምህሩ ኮሶ አምባ ላይ ያስተማረው በአያ ሐብተ ማርያም ጋቢ ነው።

ከየአጥቢያው የተሰበሰቡ ስድስት ሰባት ተማሪዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጽድ ዛፉ ሥር ይቀመጡለታል። ሳር ላይ ተዘርግቶ ማድመጥ ክፍያ ስለሌለው ሰበካውም ይቀመጣል። መጀመሪያው መልካም ነበር። ወልደ ገብርኤል ግን መልካም ነገር አይበቃውም፤ አዲስ አበባ የተማረውን አዲስ ዘዴ አወጣ።

«ታሪክ ከራስ ይጀምራል» አለ። «በሳምንቱ ውስጥ ቤታችሁ ጠይቁ፤ ሰባት አባቶቻችሁን ቁጠሩ፣ እያንዳንዱም ምን እንደሠራ አጥንታችሁ ኑ። እሑድ በቃላችሁ ትናገራላችሁ።»

እንግዲህ ይህ ሰው የጎንደር ልጅ ነው። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ሲባል እየሰማ ያደገ ነው። በዚያ አገር አባት የሚቆጠረው ለጨዋታ እንዳልሆነ፣ እስከ መጀመሪያው አቅኚ አባት ድረስ ሐረጉን የቆጠረ ሰው መሬት እንደሚካፈል፣ ሐረግ የሚወጣውም ዳኛ ፊት ብቻ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱ እንዴት ረሳው? አዲስ አበባ ስንቱን ታስረሳለች!

በዚያ ሳምንት ኮሶ አምባ ውስጥ በጊዜ የተኛ አባት የለም። ልጁን እልፍኝ አስገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ሲያስጠና ከረመ። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ ማለት ይኸው ነው። እሑድ ሲደርስ ለንግሥ እንኳ ብቅ የማይል ሰው ሁሉ ቅጥሩን ሞላው። ወልደ ገብርኤል ሕዝቡን አይቶ «ለትምህርት ያላቸው ጉጉት!» ብሎ እንባው መጣ። ሞኝ!

መጀመሪያ አበቡ ተነሣች። አባቷ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ከፊት ተቀምጠው ከንፈራቸው አብሯት ይንቀሳቀሳል። አንድ በአንድ ቆጥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «አቤቶ ዘርዓ ጽዮን፣ ጉድባውን ያቀኑ» አለችና ተቀመጠች። ጉድባው ከወንዙ ማዶ ያለ የገብስ መሬት ነው፤ አያ ኃይለ ጊዮርጊስና አያ ሐብተ ማርያም ከአባቶቻቸው ጀምሮ ይሟገቱበታል። ወልደ ገብርኤል ይህን አያውቅም። ከአበቡ ደግሞ ያልጠበቀው ነገር አልነበረምና «ጥሩ ነው» ብሎ አለፈ።

ከዚያ ነጋ ተነሣ። ነጋ ጢሙ ያቆጠቆጠ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው። ክፍል ውስጥ ሲጠይቁት ግን ላብ ያጠምቀዋል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር የጨረሰበት ቀን የለም። ዛሬ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን... ሳይንተባተብ፣ ድምፁ እየጎላ ሄደና «ሰባተኛው የአቤቶ ዘርዓ ጽዮን የበኩር ልጅ፣ ጉድባውን ብቻውን ያቀና!» ብሎ ደመደመ።

ወልደ ገብርኤል ከመቀመጫው ዘለለ። «ትክክል! ትክክል ነው! ሸጋ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በኩሩ ብቻውን ካቀና ጉድባው የእሱ ዘር ብቻ ነው ማለት ነው።

አያ ሐብተ ማርያም ቀስ ብለው ተነሡ። «ሰማችሁ ወገኖቼ? ለአበቡ ጥሩ ነው አለ፤ ለነጋ ትክክል አለ። መንግሥት ታሪክ ያስተማረው ሰው ነው የተናገረው። ምስክር አገኘሁ!» አሉና በቀጥታ ወደ አጥቢያ ዳኛው ወደ ባላምባራስ አለነ ቤት ገሰገሱ።

አያ ኃይለ ጊዮርጊስ መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ዓይናቸው ጋቢው ላይ አረፈ። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» አሉ። «አበቡ፣ ተነሽ። ከእንግዲህ ጎንደር አትወርጂም። ታሪክ ይህ ከሆነ እዚሁ እኔ አስተምርሻለሁ፤ መሬትሽንም አልነጥቅሽም።» አበቡ ወደ መምህሯ ዞር ብላ አየችና አባቷን ተከተለች።

ወልደ ገብርኤል ያን ቀን ምሳ አልበላም። ወደ ማታ ወደ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ሄደ፤ ውሻው አላስገባ ስላለው በአጥር አሻግሮ ለመናቸው።

«ለሷ ይፍረዱላት እንጂ፣ አያ! ፈተናው ደርሷል። አበቡ ካለፈች ወደፊት እሷም አስተማሪ ትሆናለች።»

«እንግዲያስ ነጋ የቆጠረው ሐሰት ነው በል።»

«ሐሰት ነው ለማለት እንኳ...»

«እውነት ነው በላ!»

«እውነት ነው ለማለትም...»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

መልሱ አንዲት ቃል ነበረች። ወልደ ገብርኤል ጉሮሮውን ጠረገና «የታሪክ ምንጭ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው...» ብሎ ጀመረ። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ሁለተኛውን ሳይሰሙ ወደ ቤታቸው ገቡ። የቀረው ውሻው ብቻ ነው፤ እሱም አላደመጠ።

በዚሁ መካከል ተስቦው በመጥፋቱ ትምህርት ቤቱ ሰኞ እንደሚከፈት ወሬ መጣ። ችሎቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ዓርብ ሆነ። ሐሙስ አያ ሐብተ ማርያም በግ ጣሉ። «ብላ ልጄ፣ ነገ ትናገራለህ» እያሉ እመት ሐረገወይን ያጎርሱታል። ሲያስበው ከአበቡ አባት ይልቅ ራሱን ፈራው። ነገም አፉን ሲከፍት ያ ረጅም ንግግሩ እንዳይወጣው ፈራ።

ዓርብ ባላምባራስ አለነ ወይራው ሥር ተሰየሙ። ሰበካው አንድም ሳይቀር ተገኝቷል። ምስክሩ ሲጠራ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ብድግ አሉ።

«ጌታዬ፣ በባለጋራዬ ጋቢ የተጠቀለለ ምስክር አልቀበልም!»

«እውነት ነው» አሉ ባላምባራስ። «መምህር፣ ጋቢውን ይመልሱ።»

ወልደ ገብርኤል ጋቢውን አውልቆ ለአያ ሐብተ ማርያም ሰጠ። ከሥሩ ያ የተቀቀለው ሱፍ ብቅ አለ፤ እጅጌው ክርን ላይ፣ ሱሪው ባት ላይ። መጀመሪያ አንዲት ሴት «እፍፍ» አለች። ከዚያ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደ። ባላምባራስ ራሳቸው አፋቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። እመት ሐረገወይን ብቻ «ተስቦ ከሚገባ ይጠብበው!» ብለው ተቆጡ።

ሳቁ ሲበርድ ባላምባራስ «ነጋ የቆጠረው ሐረግ እውነት ነው ብለው ይመሰክራሉ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጌታዬ፣ ታሪክ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ...»

«መምህር! እኛ ሰኔ ላይ ፈተና የለብንም። ያውቃሉ ወይስ አያውቁም?»

ወልደ ገብርኤል ቀና ሲል አበቡን አያት። ከሴቶቹ ኋላ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እሷ ይህችን ቃል ስንቴ እንደ ቀልድ ብላታለች፤ እሱም ስንቴ ተቆጥቷታል። ወደ ታች ተመልሶ ባዶ ባቱን አየ። ከዚህ ወዲያ የሚደበቅ ምን ክብር ቀረ?

«አላውቅም» አለ።

«ጮክ ይበሉ!»

«አላውቅም! አላውቅም ጌታዬ!»

«ታዲያ ምነው ትክክል አሉ?»

«ነጋ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶልኝ አያውቅም። ያን ዕለት ሳይንተባተብ ሲጨርስ ደስ አለኝና አፌ ቀደመኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ነጋ ዞረ። ነጋ ጆሮው ቀላ፤ ግን አላጎነበሰም። አያ ሐብተ ማርያም በምስክራቸው ይናደዱ ወይስ በልጃቸው ይኩሩ ግራ ገብቷቸው ጋቢውን አጥፈው ዘረጉት።

ባላምባራስ ግን አልለቀቁትም። «የሰው ሐረግ የሚያርሙት የራስዎን ይችሉታል? እስኪ ሰባት ይቁጠሩ።»

«ወልደ ገብርኤል መርሻ... መርሻ ተገኝ... ተገኝ...» አለና ቆመ። ወደ ሰማይ አየ። ወደ ወይራው አየ። «አላውቅም» አለ። ሁለተኛዋ ከፊተኛዋ ቀለለችው።

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው!» አሉ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ እየሳቁም እያዘኑም። «የደብተራ ልጅ!»

«ሦስት ያልሞላለት በሰባት አይመሰክርም» ብለው ባላምባራስ ፈረዱ። «ምስክሩ ወድቋል። ጉድባውን እንደ ወትሮው በየተራ እያረሳችሁ ተሟገቱ።» ሁለቱ ባለጋሮች እጅ ነሥተው ተመለሱ፤ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አልታየም። ሙግቱ ቢያልቅ ክረምቱን በምን ሊገፉት ነበር?

ያን ማታ እመት ሐረገወይን ገበታ አቀረቡለት። «አንዴ በጉ ታርዷል፤ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ዓርብም አይጾም፤ ምን እናደርገዋለን፣ ብላ» አሉት። በላ፤ ያለ ጭንቀት የበላው የመጀመሪያ ራቱ ነበር። ጠዋት ግን ልቡ እንደገና ከበደው። ነጋ ስንቁን ተሸክሞ ቆሟል፤ አበቡ የለችም። እንግዲህ አመለጠችኝ ብሎ ጉዞ ሊጀምር ሲል አያ ኃይለ ጊዮርጊስ አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። አህያዋ ላይ በሶና ዳቦ ቆሎ ተጭኗል። ከኋላ አበቡ ትመጣለች።

«ውሰዳት» አሉት። «እኔ የፈራሁት ሁሉን አውቃለሁ ባዩን ነበር። አላውቅም ያለ ሰው ልጄን አያበላሽብኝም።» ከዚያ ክንዱን ይዘው ፈንጠር አደረጉትና፣ ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «እኔም ከአምስተኛው በላይ አላውቅም። አባቴ ያሉኝን ነው የምለው፤ እሳቸውም ይጠራጠሩ ነበር። ለሐብተ ማርያም ትነግርና ወዮልህ!»

ቁልቁለቱን ተያያዙት። ወልደ ገብርኤል በዚያ ጠባብ ሱፍ እንደ ቆቅ እየተራመደ ከፊት፣ ነጋና አበቡ ሳቃቸውን እየዋጡ ከኋላ። የማኪናው መንገድ ሲታይ መምህሩ ልማዱ ተነሣበትና ፈተና ጀመረ።

«አበቡ፣ እስኪ አባቶችሽን ቁጠሪ።»

አበቡ ቆጠረች። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ኋላ፣ ወደ ኮሶ አምባ ተመለከተች፤ አባቷ ከዚያ ርቀት ሊሰሟት እንደማይችሉ ስታረጋግጥ ወደ መምህሯ ዞረች።

«ከዚህ በላይ ያሉትን አላውቅም» አለች።

«ትክክል!» አለ ወልደ ገብርኤል። ወዲያው ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘና፣ ከነጋ ሌላ የሰማ ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን አየ።