የቆረቆንዳ ከሰል

እሑድ ጠዋት፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሰፈርተኛው «እትዬ ከሰል» የሚላት ሴት የውሃ ማጣሪያ በርሜሏን ቧንቧ ከፈተች። ጄሪካን ይዘው የተሰለፉት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። የጉድጓዳችን ውሃ ቢጫ ነው፤ ይሸታል፤ ነጭ ልብስ አጥቦ ነጭ የሚያሰጣ የለም። ከበርሜሉ የወረደው ግን ብርጭቆ ሲሞላ ማዶውን ያሳይ ነበር።

«በይ እንግዲህ፣ ምን ደግመሽበት ነው?» አላት ከሰልፉ ፊት የቆመው የሰፈራችን አናጢ።

«ቆረቆንዳ!» አለችው፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

እውነቷን ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ የሚጣለውን ቆረቆንዳ እየለቀመች፣ ክዳኑ በጭቃ በተመረገ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ታከስለዋለች። አየር ከገባው ዐመድ ሆኖ ይቀራል። ከሰሉን ወቅጣ፣ እጣቢው ጥቁረቱን እስኪተው አጥባ፣ በጠጠርና በአሸዋ መካከል ታነጥፈዋለች። ስንቴ ዐመድ ሆኖባታል፤ ስንቴ ጥቁር ውሃ ወርዶ ተስቆባታል። ዛሬም ካልሆነላት የጉድጓዱ ኮሚቴ በርሜሉን ሊያስነሳው ቆርጦ ነበር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ብርጭቆውን አሸተተ። «ሽታ የሚባል የለውም! በርሜሉ እዚሁ ይቆያል።»

«ሽታውንና ቀለሙን ነው የሚይዘው፤ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ» አለች።

ይሄኔ የባሏ ወንድም ከገጠር ደርሶ ከጋሪው ወረደ። የዚህን ዙር ቆረቆንዳ የላከላት እሱ ነው።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ለአንቺ ብዬ እኮ ሜዳ የተጣለውን ትቼ የጎተራውን ነው የላክሁልሽ። አንድ ነቀዝ አታገኚበትም።»

«እንዴት?»

«ከነፍሬው ሳስቀምጠው መድኃኒት ነፍቼበታለሁ።»

እጇ ቧንቧው ላይ ቀረ። «የነቀዝ መድኃኒት?»

«ታዲያ ተቃጥሎ የለም እንዴ!» አለ፤ ፊቱ ግን ተለወጠ።

«እሳቱ ይጨርሰው አይጨርሰው እኔ አላውቅም፣ ዋርሳዬ። አንተም አታውቅም።»

ሰብሳቢው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ገና ዛሬ ማመኑ ነው። ደግሞስ ማን ሰማ?»

«እኔ ሰማሁ።»

ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብላ፣ «የቀዳችሁትን መልሱልኝ! ከሰሉ የነቀዝ መርዝ ነክቶታል፤ ጥፋቱ ሳልጠይቅ የተቀበልሁት የእኔ ነው» አለች። አናጢው መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ነበር። ፊቷን ሲያይ ጄሪካኑን ዘረጋላት። የሁሉንም ተቀብላ ከጉድጓዱ አርቃ ደፋችው፤ ያን ሁሉ ቀን የደከመችበትን ከሰል ከነአሸዋው በአካፋ አወጣችው።

በርሜሉ ዳግመኛ የተከፈተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ መድኃኒት ባልነካው በአዲስ ቆረቆንዳ ከሰል ነው። እስከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያንኑ ቢጫ ውሃ እያፈላ ጠጣ።