ቃና ዳር

«ደምለው! የካናዳው ወንድሜ! ደምለው!»

ከደብረ ዘይት ድረስ በአውቶብስ ሲንገላታ የመጣው ሃምሳ አለቃ ኃይለ ሚካኤል ከለቅሶው ዳስ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ድምፁ የሞጣን ገበያ አቋርጦ የሚሰማ ነበር። ለቀስተኛው ብድግ ብሎ ተቀበለው። የሟቹ የደምለው ሚስት ይርጋነሽም ብድግ አለች፤ ግን ከእንባዋ የቀደመው ድንጋጤዋ ነው። ዞር ብላ አማቷን አየች።

አማቷ እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከዳሱ ጥግ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ይህን ጩኸት ግን ሰምተውታል።

«ምን አለ?» አሉ።

«ቃና ዳር አብረን ነበርን ነው የሚለው፣ እማሆይ» አለች ይርጋነሽ፣ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ።

«ቃና ዳር!» ፊታቸው ፈካ። «ተባረክ ልጄ! አጠገቤ አምጭልኝ። ያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ በወጉ ሳይነግረኝ ሞተ። ይኸ ይነግረኛል።»

ይርጋነሽ የዚያን ቀን የፈራችው ይህንን ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ደምለው ገና ጎረምሳ፣ የአየር ኃይል መካኒክ ሳለ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊላክ ሆነና እናቱን ሊሰናበት ብቸና መጣ። «እማዬ፣ ካናዳ ልሄድ ነው» አለ። እናቱ «ቃና ዳር» ሲል ሰሙት። ባሕር ዳርን ለሚያውቅ የጎጃም ሰው፣ ቃና ዳር የሚባል አገር ቢኖር ምን ይገርማል? ጌታ ውሃውን ወይን ካደረገበት ከቃና ዳር! ደምለው አፉን ከፍቶ ሊያርም ሲል እልልታው ቀደመው፤ እልልታውን ሰምተው ጎረቤቶች ሞሉ፤ ጎረቤቶቹን ተከትሎ ጠላው መጣ። በዚያ መሃል ማን ያርማል?

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ደምለው ሕፃን ሳለ ታሞ ሊሞት ደርሶ ነበርና እናቱ ስለት ተስለው ኖሯል። «ይኸን ልጅ ካተረፍክልኝ፣ አድጎም የጌታዬን ምድር ከረገጠልኝ፣ እመነኩሳለሁ» ብለው። ልጃቸው ከካናዳ ሲመለስ ቆባቸውን ደፍተው፣ እማሆይ ተብለው አገኛቸው። እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ ሰው ሁሉ የደስታ ለቅሶ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ምኑን ይናገራል? ከአየር ኃይል ተሰናብቶ የሞጣ አውሮፕላን ማረፊያ ጠባቂ ሲሆን እናቱን ከብቸና አምጥቶ አጠገቡ አኖራቸው። በየዓመቱ የቃና ዘገሊላ ለት እማሆይ ከፊት ያስቀምጡትና «በል ስለ ቃና ዳር አውራን» ይሉታል። ደምለው አንገቱን ደፍቶ «ብርድ ነው፣ እማሆይ» ይላል። «ሌላስ?» «ሩቅ ነው።» በቃ። እማሆይም «የተሳለመ ሰው አያወራም፤ ትሕትናው ነው» እያሉ ለጎረቤት ያስረዱለት ነበር። ጎረቤቱ፣ አስተማሪው፣ ጤና ረዳቱ ሁሉ እውነቱን ያውቃል። እሳቸውን ማን ደፍሮ ይነካል? ከተማው እንዳለ ዝም አለ።

ደምለው አልጋ ላይ ሆኖ፣ መሞቱ ሲታወቀው፣ ይርጋነሽን ጠራት። ስለ ቤት አልነገራት፤ ስለ ከብት አልነገራት። «አደራ» ነው ያላት፤ «እናቴን ቃናዋን እንዳትነጥቂያት።»

እንግዲህ ያ አደራ ዛሬ በኃይለ ሚካኤል አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እጅዎን ይታጠቡ» ብላ ከጓሮ ወሰደችው። ውሃውን እያፈሰሰችለት ነገሩን አንድ ባንድ ነገረችው። ኃይለ ሚካኤል እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ለመነኩሲት ልዋሽ? ያውም በለቅሶ ቤት?»

«አይዋሹ፣ አያ ኃይሌ። ስሙን ብቻ አይጥሩት።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ። ስሙን አልጠራም። የቀረውን ግን እንዳየሁት ነው የማወራው።»

«እንዳዩት ያውሩ» አለች። ሌላ ምን ምርጫ አላት?

ዳሱ ውስጥ ንፍሮው እየዞረ ነበር። ከእማሆይ በስተቀኝ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ይግዛው አለ። ሞጣ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ደግ ሰው ነው፤ ዳሱን ሲተክሉ እጅጌውን ሰብስቦ ምሰሶ ተሸክሟል። ስለ ቃና ዳር የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ይርጋነሽ ይህ ትዝ ያላት ኃይለ ሚካኤል ከተቀመጠ በኋላ ነው።

«በል ልጄ» አሉ እማሆይ። «አገሩ ምን ይመስላል?»

«ሜዳ ነው፣ እማሆይ።» ድምፁን ከፍ አደረገላቸው። «ድሮ የገብስና የስንዴ ማሳ ነበር አሉ። ትልቁ የዓለም ጦርነት ሲመጣ መንግሥት ገበሬዎቹን አስነሣና የአየር ኃይል ሰፈር ሠራበት። በአንድ በጋ ውስጥ የእንጨት ሃንጋር ደረደሩበት። ሃንጋር የአውሮፕላን ጋጣ በሉት።»

«ገበሬዎቹስ?» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ካሳ ተሰጣቸው። አንደኛው ግን እስኪሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ሥር እየመጣ ማሳውን ሲያይ ይቆይ ነበር ይላሉ።»

«እንዴት አያይ!» አለ ሽማግሌው፤ ዳሱም አጉረመረመ።

«ጦርነቱ ሲያልቅ ሰፈሩ ተዘጋ። ሃንጋሩን የእህል ጎተራ አደረጉት። ዶሮም ያረቡበት ነበር። መንደርደሪያው ሣር በቀለበት። ኋላ ደግሞ ፈሩና መልሰው ከፈቱት፤ እኔና ደምለው የደረስነው ያኔ ነው።»

«ማንን ፈርተው?» አለ ጓድ ይግዛው።

ኃይለ ሚካኤል ወደ ካድሬው አየ፤ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ አርማም አየ።

«ብርዱን» አለ።

መሪጌታ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጓድ ይግዛውም በየሴሚናሩ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና ገባው፤ ፈገግታውን በጠላው ጣሳ ከለለ። ለእማሆይ ግን ብርዱ ብርድ ነበር። «እሱም እንዲሁ ነበር የሚለኝ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥለውም ሲጠብቁት የኖሩትን ጥያቄ አመጡት።

«ውሃውስ? ውሃው ምን ይሆናል?»

ይርጋነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይለወጣል፣ እማሆይ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ማታ ውሃ የነበረው ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ በላዩ መኪና ነድተንበታል።»

«ተመስገን!» እማሆይ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ለልጄ አሳየው!»

ዳሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ኃይለ ሚካኤልም ልቡ ሞላለትና ቀጠለ። በረዶ ሲጥል ሰማዩና ምድሩ አንድ ነጭ ሆኖ አብራሪው የሚያርፍበት እንደሚጠፋው ነገራቸው። «ያኔ ከጫካው ጥድ እንቆርጥና በመንደርደሪያው ግራና ቀኝ እንተክላለን። ያንን አይቶ ነው የሚወርድ።»

ይህንንማ ሞጣ ያውቀዋል። ክረምት ጉሙ ሜዳውን ሲውጠው፣ ዳኮታው አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ደምለው ጥድ ታቅፎ ሲሮጥ ያላየ የለም። እማሆይ «የቃና ሥርዓት ነው» ይሉ ነበር።

«እንዲያው ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቅዱስ ቦታ ነው?»

 ኃይለ ሚካኤል ባርኔጣውን አወለቀና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሰፈሩ አጠገብ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። በጦርነቱ ጊዜ ከባሕር ማዶ መብረር ሊማሩ የመጡ፣ ጢም እንኳ ያላበቀሉ ልጆች ነበሩ። ሲማሩ እየወደቁ የሞቱት እዚያ ግቢ ተቀብረዋል። እናቶቻቸው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው መምጣት አልቻሉም። ደምለው ታዲያ እሑድ እሑድ አካፋ ይዞ ይሄድና ከመቃብራቸው ላይ በረዶውን ይጠርጋል። እኔ ‹አንተ ሰው፣ ነገ ተመልሶ ይሞላ የለም ወይ?› እለዋለሁ። ‹ይሙላ› ይለኛል። ‹የልጁ እናት ብትኖር ዝም ትለው ነበር?›»

 ይርጋነሽ ይህንን አልሰማችም ነበር፤ ያን ያህል ዘመን አብራው ኖራ አልሰማችም። ያኔ ነው ለባሏ ከልቧ ያለቀሰችው። ከበሩ አጠገብ ጓድ ይግዛው ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና ሳያስበው፣ ጮክ ብሎ፣

«ካናዳ እንዲህ ያለ መቃብር መኖሩን እኔ አላውቅም ነበር» አለ።

ሁሉም አቀረቀረ። ጓድ ይግዛው ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ዙሪያውን ተመለከተ።

«የት አለ?» አሉ እማሆይ።

ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ይርጋነሽ። የት ነው ያለው?»

መዋሸት ይቻል ነበር። አሁንም ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ሌላ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ይርጋነሽ ጎንበስ አለች፤ ዓይናቸውን ስታይ ግን አቃታት።

«ካናዳ፣ እማሆይ።»

«ቃና ዳር?»

«ካናዳ ነው የሚባል። ሌላ አገር ነው።»

«ከቃና ይርቃል?»

ይርጋነሽ ወደ ኃይለ ሚካኤል አየች። «ይርቃል፣ እማሆይ» አለ እሱ። «መሃላቸው ትልቅ ባሕር አለ።»

እማሆይ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞሩ። «እንግዲያ ስለቴ ፈረሰ? ይኸን ሁሉ ዘመን ያለ ስለት ነው የመነኮስኩት?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደቀ መዝሙር ሲፈትኑ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ «ሲሳሉ ምን ብለው ነበር? ቃሉን እንዳለ ይንገሩኝ» አሉ።

«‹የጌታዬን ምድር ከረገጠልኝ› ነው ያልኩ።»

«ቃና ብለዋል?»

«ቃናማ ኋላ ነው የመጣ። ጆሮዬ ያመጣው ነው።»

«የጌታዬን ምድር ነው ያሉ» አሉ መሪጌታ፣ ቃሉን እንደ ማር እያጣጣሙ። «ታዲያ የጌታ ያልሆነ ምድር የትኛው ነው? ካለ ያሳዩኝና ስለቱን እኔ ራሴ አፈርሰዋለሁ። እኔማ ልጅዎ የእናት አልባዎቹን መቃብር የጠረገበትን ምድር የጌታ አይደለም ለማለት አፍ የለኝም።»

 የእማሆይ እጆች ቀስ ብለው ከቆባቸው ላይ ወረዱ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ሲመለስ መንኩሰው አገኘዎት» አለች ይርጋነሽ። «ደስታዎን መንጠቅ አልሆነለትም። ሲሞትም አደራ ያለኝ ይኸንኑ ነው። አደራውን በላሁ።»

«አልበላሽም። አንቺ ምን አደረግሽ?» ካሉ በኋላ እማሆይ በድንገት ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይርጋነሽ ልትደግፋቸው ተንደረደረች። እሳቸው ግን እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እየወረደ፣ ጥርስ አልባ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ይስቁ ነበር። «ለካ ለዚህ ነው በየዓመቱ ‹ብርድ ነው› ብቻ የሚለኝ! ልጄን! እንዴት አድርጌ አስጨንቄዋለሁ!»

መጀመሪያ መሪጌታ ሳቁ፤ ከዚያ ዳሱ ሁሉ ተከተለ። ጓድ ይግዛው እንኳ፣ ነገሩ በግማሽ እንደገባው፣ ሳቀ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ሲሳቅበት ነውር ነው የሚል ሰው አልተገኘም።

በማግስቱ ሣልስቱ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ እማሆይ በይርጋነሽ ክንድ ተደግፈው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ጥድ ሥር ቆሙ። «ዘንጥፊልኝ» አሉ። ይርጋነሽ ትንንሽ ቅርንጫፎች እየቆረጠች አቀበለቻቸው። ከደምለው መቃብር ደርሰው ተንበረከኩና ቅርንጫፎቹን በአፈሩ ግራና ቀኝ፣ በመስመር፣ አንድ ባንድ ተከሉ።

«መውረጃውን እንዳይስት» አሉ። ፊታቸው የረካ ፊት ነበር።

ከደምለው መቃብር ጎን ሌላ አለ። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ በወባ የሞተ ወጣት ነው። ላዩን የደረቀ ቅጠል ሸፍኖታል።

«የዚህ እናት የት ናት?»

«ወለጋ ናት ይላሉ። አልመጣችም።»

እማሆይ በጉልበታቸው እየተጎተቱ ወደዚያ ዞሩ። ቅጠሉን በመዳፋቸው ወደ ዳር ያወጡት ጀመር። ነፋስ ነበረና ከላይ ያለው ዛፍ ያራግፋል፤ ካወጡት ሌላ ይወርዳል።

«እማሆይ፣ ነገ ተመልሶ ይሞላል እኮ» አለች ይርጋነሽ።

«ይሙላ» አሉ እማሆይ። ነጠላቸውን አደግድገው መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ይርጋነሽ በወዲያኛው በኩል ተንበረከከች።