የተለሰነው ገደል

የሸክላ ፋብሪካው የአፈር ቁፋሮ አለቃ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ጉልበቱ በየእርምጃው ይንቋቋል። ትናንት ከሥራ ቀርቶ ሚስቱን ሐኪም ቤት ሲያመላልስ ነው የዋለው። ዓይኑ ላይ እንቅልፍ ተንጠልጥሏል። የምሥራቁን ገደል ሲያይ ግን ብን ብሎ ጠፋ።

ገደሉ ተለስኗል። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ተመርጎበት፣ በአካፋ ጀርባ ተዳምጦ፣ እንደ አዲስ ግድግዳ ያብለጨልጫል። አንድ ቀዳዳ የለበትም። ከትናንት ወዲያ ሠላሳ አንድ ነበሩ፤ በየቀዳዳው ውስጥ፣ ክንድ በሚያህል ጥልቀት፣ ንብ እየለቀሙ የሚበሉት አረንጓዴ ወፎች ጫጩት ነበራቸው።

ወላጆቹ አሁን ምግብ በአፋቸው እንደያዙ ገደሉ ፊት ያንዣብባሉ። ጠጋ ይሉና ይመለሳሉ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኛ ነና ጋሼ!» አለ ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ዲሽቃ፤ አፉ እንደ መትረየስ አላርፍ ስላለ የወጣለት ስም ነው። አካፋውን ተደግፎ ፊቱ በርቷል። «ዛሬ እንግዳ አለ ብለው ከቢሮ ነገሩን። አንተ ደግሞ የለህም። ወገባችን እስኪቆረጥ ለሰንነው። ሙሽራ አይመስልም?»

«እዚህ ጋ ምን ብዬ ነበር?»

«አትቆፍሩ ነዋ። አንድ አካፋ ቆፍረን ከሆነ እናቴ ትሙት!»

ፋብሪካው ከአንድ የወፍ ጥበቃ ማኅበር ጋር ሲዋዋል፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ገደሉ እንዳይነካ ሲስማሙ፣ አለቃውም ስብሰባው ላይ ነበር። ለሠራተኞቹ ነገሩን እንዲያስረዳ አደራ ተብሏል። ያን ቀን ደክሞት ነበርና «እዚያ ጋ አትቆፍሩ» ብሎ ተገላገለ። ውሉ በመስታወት ተደርጎ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰቀለ። እንግዳ ሲመጣ ገደል መለሰንንም ቢሆን ያስለመዳቸው ራሱ ነው፤ ጉድጓዱ የተዝረከረከ እንዳይመስል፣ ሃያ ዓመት ሙሉ።

«የጡብ መቁረጫ ሽቦ አምጣ።»

«ልታበላሸው ነው? ጋሼ፣ እጃችን እኮ…»

«ውስጡ ጫጩት አለ፣ አንተ! ደፈናችሁባቸው!»

ዲሽቃ አካፋውን ጣለ። ሽቦውን ሊያመጣ ሮጠ።

ቀዳዳዎቹ የት እንደነበሩ ማንም በትክክል አያስታውስም። አለቃው ወፎቹን ተከተለ። እያንዳንዷ ወፍ የምታንዣብበው በገዛ ጎጆዋ ትክክል ነው፤ እሱ እዚያ ሥር ተንበርክኮ ሽቦውን ይሰዳል፣ በጣቱ ይፈለፍላል፣ ጆሮውን ይለጥፋል። አንዳንዱ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ይሰማል። አንዳንዱ ጸጥ ያለ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ከላይ ቆሞ ጮኸ። «ምን ጉድ ነው? እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው!»

ሲነግሩት ሰዓቱን አየ። «በቃ፣ ቀድመው በረሩ እንበል። ማን ያውቃል?»

«የወፎቹ ልጅ ታውቃለች» አለ ዲሽቃ። በየሳምንቱ እየመጣች ቀዳዳ የምትቆጥረውን የማኅበሩን ባለሙያ ነው እንዲህ የሚሏት።

«አለቃ ካልነገራት ከየት ታውቃለች?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይሄ ውል ከፈረሰ ስማችን ነው የሚጠፋው። ተው፣ ተነስና እጅህን ታጠብ።»

አለቃውን መነሳት አማረው። ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ አዎ በረሩ ማለት ምንም ልፋት የለውም። እንደዚያ ቀን መገላገል ነው። ሽቦውን እንደያዘ ቀረ።

የወፎቹ ልጅ ከእንግዶቹ ቀድማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወርድ ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ። «ጋሼ? ምን ሆናችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ከላይ ሳል ሳል አለው።

«ለሰንናቸው፣ ልጄ» አለ አለቃው። «እነዚህ አያውቁም። ንገራቸው ተብዬ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።»

ገደሉን ረጅም ጊዜ አየችው። የምትጮህ መስሎት ነበር፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ስንት ከፈታችሁ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ድምፅ ያለውስ?»

«አሥራ አንድ።»

ቦርሳዋን ጭቃው ላይ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። እንግዶቹ ሲደርሱ ሰባት ሰው እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ አገኙ። ፎቶ አንሺው ቀና በሉ ቢል የሰማው የለም። እኩለ ቀን ላይ ሃያ ዘጠኝ ተከፈተ፤ ጩኸት ያለው አሥራ ዘጠኝ ነው። የቀሩት ሁለቱ የት እንደሆኑ እያንዣበበች የምታሳይ ወፍ አልነበረችም።

«ውሉስ?» አላት አለቃው።

«የሆነውን እጽፋለሁ። የሚወስነው ማኅበሩ ነው።» እጇን በሱሪዋ ጠረገች። «እኛም ብንሆን ቢሮ ሻይ ጠጥተን ፈርመን ሄድን። እዚህ ታች ወርዶ እነዚህን ያነጋገረ ማነው?»

አለቃው ግንባሩን ሲያብስ ጭቃውን አባሰው። ወሬውን ለሌላ ቀን ቢያሳድረው በወደደ ነበር። ሠራተኞቹ አካፋቸውን ሊሰበስቡ ሲነሱ ግን ጠራቸው።

«ተቀመጡ እስቲ» አለ፤ እሱም ጉልበቱን እየደገፈ መሬት ላይ ተቀመጠና ያን ቀን ስብሰባው ላይ የሰማውን ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።